ልጁ 35 ሲል አፑ ምን ይላል?

በቅርቡ ሁለት ወጣቶች ላፕቶፕ ይዘው ትምህርት ቤታችን መጡ፣ የሒሳብ መለማመጃ አፕ ሊያስተዋውቁ ነው። የመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከፈቱትና "ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ከ10 ሺህ በላይ ጥያቄ አለው፣ ጌም አለው፣ ወላጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ የልጁን ውጤት ያያል" ምናምን አሉን። እውነት ለመናገር ያምራል፣ ከለሩ ምኑ፣ ልጁ ሲያገኝ አንበሳ ተነስቶ ይጨፍራል፣ ጓደኞቼ ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ሁሉ ጀመሩ። እኔ "አንዴ ላስቸግራችሁ" ብዬ ኪቦርዱን ተቀበልኩና 52 ሲቀነስ 27 የሚለው ላይ 35 ብዬ ጻፍኩ። ቀይ ኤክስ፣ የሚያሳዝን ድምጽ፣ "እንደገና ሞክር"። አሁንም 35 አልኩት። ቀይ ኤክስ፣ "መልሱ 25 ነው"፣ ቀጣይ ጥያቄ። ከወጣቶቹ አንዱ ሳቀና "ቲቸር እርስዎ ደሞ ሆን ብለው እኮ ነው የሚሳሳቱት" አለኝ።

አዎ ሆን ብዬ ነው። እኔ የማስተምረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚነሳበት ብዙም ሳይርቅ ነው፣ 3ኛ እና 4ኛ ክፍል ሒሳብ፣ እና ላለፉት ጥቂት ዓመታት ወላጅ በመጣ ቁጥር "የትኛውን አፕ ልጫንለት?" ይለኛል፣ ዳይሬክተሩም "የትኛውን ዌብሳይት እንጠቀም?" ይለኛል፣ ስለዚ ያየሁትን ሁሉ ስመዝን ከርሜ መጨረሻ ላይ አንድ መመዘኛ ብቻ ነው ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ የቀረልኝ። ልጁ ሲያገኝ ምን ይላል የሚለው አይደለም፣ ሁሉም ሲያገኝ ያጨበጭባሉ። ሲሳሳት ምን ይላል? ለኔስ ለመምህሩ ስለ ስህተቱ ምን ይነግረኛል?

35 ዝም ብሎ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። የ3ኛ ክፍል ደብተር ያረመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ አንድ ቤት ላይ 2 እና 7 ያያል፣ "ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንስ" ተብሎ ስለተማረ ከ7 ላይ 2 ይቀንስና 5 ይላል፣ አስር ቤት ላይ ደሞ ከ5 ላይ 2 ቀንሶ 3፣ በቃ 35። ሰነፍ ስለሆነ ወይ ስላልተጠነቀቀ አይደለም፣ እንደውም በጣም ተጠንቅቆ ነው የተሳሳተ ህግ የሚከተለው። ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1978 ያወጡት ስራ ይሄንኑ ነው ያሳየው፣ የልጆች የመቀነስ ስህተት ብዙ ጊዜ የራሱ ህግ አለው፣ እና ባጊ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰርተው መምህር ለመሆን የሚማሩ ሰዎች የተማሪን የተሳሳተ መልስ እያዩ ህጉን ፈልፍለው እንዲያገኙ ያለማምዱበት ነበር። 1978 ማለት በኛ 1970 እኮ ነው። በ1970 ዓ.ም ኮምፒውተር ይሄን ከሞከረ ዛሬ አንበሳ ከማስጨፈር ያላለፈ አፕ ብር ሲጠይቀኝ ትንሽ ያናድደኛል።

ነገሩ ደሞ እዚ ጋር አያበቃም። 35 ያለው ልጅ ሌላም ሊሆን ይችላል። መበደር የሚችል ልጅ አለ፣ ከአስር ቤት 1 ተበድሮ 2ን 12 አረገው፣ ከ12 ላይ 7 ቀነሰና 5 አለ፣ ትክክል፣ ግን ያበደረውን 5 ወደ 4 መቀነስ ረሳ፣ ስለዚ 5 ሲቀነስ 2 ብሎ 3 ጻፈ። እሱም 35። ሁለት ልጆች፣ አንድ መልስ፣ ግን የመጀመሪያው መበደር የሚባል ነገር ጭራሽ አልገባውም፣ ሁለተኛው ደሞ ገብቶት አንድ ደረጃ ነው የዘለለው። የመጀመሪያውን እንጨት ይዤ፣ አስር አስር አስሬ፣ እስር ፈትቼ ማሳየት አለብኝ፣ ሁለተኛውን "ያበደረው ሰው ኪሱ ውስጥ ስንት ቀረው?" ብለው ራሱ ስቆ ያስተካክላል። አሁን ከ27 ላይ 7ቱን 8 አርጓት፣ 52 ሲቀነስ 28። መልሱ 24 ነው። የመጀመሪያው ልጅ 36 ይላል፣ ሁለተኛው 34 ይላል። አንድ አሃዝ ቀየርን፣ ሁለቱ ልጆች ተለያዩ። 52 ሲቀነስ 27 ስለዚ መጥፎ ጥያቄ ነው ማለት ነው፣ ለመለማመድ ሳይሆን ለማወቅ ከሆነ የምንጠይቀው። 10 ሺህ ጥያቄ ያለው አፕ ውስጥ ስንቱ እንደዚ ታስቦበት የተመረጠ ነው፣ ስንቱስ ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ቁጥር እየጣለ የፈጠረው ነው? የጥያቄ ብዛት ለኔ ምንም የማይነግረኝ ለዚህ ነው።

ስለዚ አንድ መለማመጃ ሲመጣልኝ የማረገው ይሄ ነው፣ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እንደ ጎበዝ ተማሪ አልሰራውም፣ እንደማውቃቸው ተማሪዎቼ ነው የምሰራው። መቀነስ ላይ ሁሌ ከትልቁ ትንሹን እቀንሳለሁ። ክፍልፋይ ላይ ላዕሉን ከላዕል ታህቱን ከታህት እደምርና ግማሽ ሲደመር ሲሶ 2 አምስተኛ ነው እላለሁ። 8 ሲደመር 4 እኩል ነው ባዶ ቦታ ሲደመር 5 የሚል ጥያቄ ካለ 12 ብዬ እሞላለሁ፣ ምክንያቱም ልጆች የእኩል ነው ምልክትን "መልሱን እዚ ጻፍ" የሚል ትእዛዝ አርገው ነው የሚያዩት። አብዛኛው አፕ ግን ይሄን ጥያቄ ጭራሽ አይጠይቅም፣ ባዶ ቦታዋ ሁሌ ቀኝ ጫፍ ላይ ናት፣ ልጁ ሺህ ጥያቄ ሰርቶ ምልክቷ ምን ማለት እንደሆነች ሳያውቅ ያልፋል። ከዛ ስሳሳት የሚሆነውን አያለሁ። የሆነ ስእል አሳየኝ? ደረጃ በደረጃ ወሰደኝ? ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከስህተቴ ጋር ይገናኛል ወይስ ዝም ብሎ ተራው የደረሰ ነው? በተከታታይ 5 ጊዜ አንድ አይነት ስህተት ስሰራ ነቃ ወይስ አልነቃም?

ሌላው ደሞ የሚገርመው በተሳሳተ ሀሳብ ትክክል የሚያስመልስ ጥያቄ ነው። አስርዮሽ ላይ ብዙ ልጆች ረጅሙ ቁጥር ትልቅ ነው ብለው ያስባሉ፣ 0.35 ከ0.8 ይበልጣል ይሉሃል፣ 35 ከ8 ይበልጣላ። አሁን አፑ "0.45 እና 0.3 የትኛው ይበልጣል?" ካለው ልጁ 0.45 ይላል፣ አንበሳው ይጨፍራል፣ ኮከብ ይሰጠዋል፣ የተሳሳተው ሀሳብ ማህተም ተመታበት ማለት ነው። እንደዚ አይነት ጥያቄ 10 ከደረደረ ልጁ 10 ከ10 ያመጣል፣ ወላጁም ስክሪንሾት አንስቶ ይልክልኛል።

እሺ አሁን ወደ ክፍላችን እንምጣ፣ ምክንያቱም ስለ ኦንላይን መለማመጃ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር እያንዳንዱ ልጅ ፊት ለፊቱ ስክሪን ያለው አርጎ ነው የሚያስበው። እኔ ጋር አንድ ሴክሽን 60 ገደማ ነው፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። 5 ላፕቶፕ ተገኘ እንበል (አልተገኘም)፣ 5 ጊዜ 40 200 ደቂቃ ነው፣ ለ60 ልጅ ሲካፈል ለአንዱ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ከዛ ላይ መክፈቻውን፣ ፓስወርድ ረሳሁን፣ "ቲቸር እሱ ነካብኝ"ን ቀንሱ። መብራት ደሞ አለ፣ ማለቴ የለም፣ ማለቴ አንዳንዴ አለ። ዳታው ከኔ ኪስ ነው። ስልክ ተማሪ ይዞ መግባት አይችልም፣ መከልከሉንም እደግፋለሁ። ስለዚ እኛ ሰፈር ኦንላይን ማለት በተግባር ሦስት ነገር ነው፣ ወይ በአንድ ላፕቶፕ እና በአንድ ፕሮጀክተር ለሁሉም ማሳየት፣ ወይ ማታ ቤት በወላጅ ስልክ፣ ወይ እኔ አውርጄ ፎቶ ኮፒ ማረግ። መለማመጃውም በነዚህ ሦስት መንገዶች ነው መመዘን ያለበት። ለአንድ ልጅ በአንድ ታብሌት ድንቅ የሆነ ነገር ፕሮጀክተር ላይ ሲወጣ አንድ ልጅ ይጫወትና 59 ልጅ ይጮሃል፣ አይቼዋለሁ።

ፕሮጀክተር ላይ የሚሰራው የተገላቢጦሽ ነው፣ ጥያቄ የማያበዛ፣ መምህሩ ጎትቶ ቆርጦ የሚያሳይበት ነገር ነው። ፌት (PhET) የሚባለውን የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ማሳያዎች ስብስብ የምወደው ለዛ ነው። በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ በ2002 የጀመረው ነው፣ መጀመሪያ ለፊዚክስ ነበር፣ አሁን ግን ለትንንሾቹም ክፍልፋይ፣ ማባዛትን በቦታ ስፋት ማሳየት፣ አስር መሙላት ምናምን አለው። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ እያንዳንዱ ማሳያ አንድ ፋይል ሆኖ ይወርዳል፣ ከዛ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታል። አንዴ አንድ ካፌ ዋይፋይ ላይ አውርጄ ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ፣ መብራት እስካለ ድረስ ማንንም አልለምንም። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ግምታቸውን ይጽፋሉ፣ ወደ ላይ ያነሳሉ፣ እኔ አንድ ዙር በአይኔ ስቃኝ ስንቱ እንደሳተ አያለሁ፣ ከዛ ነው ስክሪኑ ላይ የማንቀሳቅሰው። ይሄ ነው የኛ ዳሽቦርድ፣ የሁሉም ውጤት የሚታይበት ገጽ።

ካን አካዳሚ የሚባለው የትምህርት ዌብሳይትም እንደዛው ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ልጁ ሲጨንቀው ደረጃ በደረጃ ሒንት ይሰጣል፣ ሒንት ካየ ደሞ ያቺ ጥያቄ እንዳገኛት አትቆጠርለትም፣ እኔ ይሄ ፍትሃዊ ነው ባይ ነኝ። ኢንተርኔት ለሌለበት ኮሊብሪ የሚባል ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ድርጅት የሰራው ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ የካን አካዳሚን ቪዲዮና መልመጃ አንድ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ አስቀምጦ በዙሪያው ላሉ ስልኮችና ታብሌቶች በዋይፋይ ብቻ ያከፋፍላል፣ ራስበሪ ፓይ የምትባል ትንሽዬ ኮምፒውተር ላይ ሁሉ ይሰራል። ኮምፒውተር ክፍል ላላቸው ትምህርት ቤቶች ከምንም በፊት ይሄን እዩ ነው የምለው። የሚከፈልባቸው ደሞ አሉ፣ አይኤክስኤል ለምሳሌ ሲሳሳቱ ማብራሪያ ያሳያል፣ ልጅ በተሳሳተ ቁጥር ግን ከ100 የሚቆጠረው ነጥብ ይወርዳል፣ ለአንዳንድ ልጅ እልህ ነው፣ ለአንዳንዱ ለቅሶ ነው። ክፍያው በዶላር ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100ን ሲሻገር ያ ክፍያ በብር ምን እንደሆነ አስቡት። ለኛ ትምህርት ቤት ጨዋታው እዛው ጋር አልቋል።

ቋንቋው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "እንግሊዝኛም ይማርበታል እኮ" ብሎ ያልፈዋል። እኛ ጋር ሒሳብ በአማርኛ ነው የሚሰጠው። አማርኛ ቁጥር ላይ ደሞ ለልጅ ደግ ቋንቋ ነው፣ አስራ አንድ ማለት አስር እና አንድ ነው፣ አስራ አራት አስር እና አራት፣ አስር ቤቱና አንድ ቤቱ ስሙ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ኢሌቨን ውስጥ አስር የት አለ? አፑ በድምጽ "ፎርቲን" ሲል ልጄ 40 ጻፈ፣ "ፊፍቲ" ሲል 15። ቀይ ኤክስ። ሒሳብ ነው የተሳሳተው? አይደለም፣ ጆሮው ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ግን "የቁጥር እውቀት ደካማ" ተብሎ ይወጣል። መምህር ሆኖ ይሄን ሪፖርት አምኖ ልጁን ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ካለ ልጁን በድሎታል። ስለዚ እንግሊዝኛ የሆነ መለማመጃ የግድ ከተጠቀምን ቁጥርና ምልክት ብቻ ያለበትን ክፍል እንመርጣለን፣ የቃላት ጥያቄውን እኔ ራሴ በአማርኛ እሰራዋለሁ። እ.ኤ.አ በ2019 ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ የሚባለውን ሽልማት የተካፈሉት የዋንቢሊየን እና የኪትኪት ስኩል አፖች እኮ ታንዛኒያ ገጠር የተሞከሩት በስዋሂሊ ነው፣ ልጁ በሚያወራው ቋንቋ።

ሰዓትማ ኮሜዲ ነው። "ሳራ በ7 ሰዓት ቁርሷን በላች" ይላል በእንግሊዝኛ፣ ተማሪዬ "ቲቸር 7 ሰዓት እኮ ምሳ ነው" አለችኝ። ልክ ናት። የነሱ ጠዋት 7 የኛ 1 ሰዓት ነው፣ የሰዓቱ ገጽ ላይ ልክ ትይዩ ያሉ ቁጥሮች ናቸው። "በዓመት ስንት ወር አለ?" ብሎ 13 ያለውን ልጅ ኤክስ የሚያረግ አፕም አይቻለሁ፣ ያ ልጅ ጳጉሜ 5 ወይም 6 ቀን መሆኗን ሁሉ ጨምሮ ነግሮኛል፣ ማን ነው የተሳሳተው ታዲያ? ገንዘቡ ደሞ የአሜሪካ ሳንቲም ነው፣ ዳይም የምትባለው 10 ሳንቲም በመጠን ኒክል ከምትባለው 5 ሳንቲም ታንሳለች፣ የራሳቸው ልጆች ራሱ የሚደናገሩበትን ለቱሉ ዲምቱ ልጅ ማስተማር ለምንድነው? ኢንች፣ ፊት፣ ፓውንድ፣ ይሄ ሁሉ ይዘለል። አንድን መለማመጃ ስመዝን መለኪያ፣ ሰዓትና ገንዘብ የሚለውን ምዕራፍ መጀመሪያ ነው የምከፍተው፣ የማን አገር እንደሆነ እዛ ጋር ነው የሚታየው፣ ከመለማመጃው ምን ያህሉን እንደምጥልም ወዲያው አውቃለሁ።

ጌም የሆኑትን በተመለከተ ብዙ አልልም። የቤቴን ልጅ በሰዓት ይዤ አንዱ ላይ አስቀመጥኩት፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሰራው ሒሳብ 6 ጥያቄ ነው፣ የቀረው ጊዜ ልብስ መቀየር፣ ሳጥን መክፈት፣ ከጭራቅ ጋር መጣላት። ያው 10 ደቂቃ ደብተር ላይ ስንት ይሰራ ነበር? በነገራችን ላይ ፕሮዲጂ የሚባለው ታዋቂ የሒሳብ ጌም ላይም እ.ኤ.አ በ2021 አሜሪካ ውስጥ የህጻናት ተሟጋቾች ለንግድ ኮሚሽኑ አቤቱታ አስገብተውበት ነበር፣ ነጻ ነው ተብሎ ትምህርት ቤት ይገባና ቤት ሲደርስ ልጁ እንዲከፈልለት ወላጁን እንዲወተውት ያረጋል የሚል። ማስታወቂያ ያለባቸው ነጻ አፖች ላይ ደሞ የኛ ችግር ይብሳል፣ የ8 ዓመት ልጅ 6 ጊዜ 7 ሲሰራ መሀል ላይ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ይሄን ያየሁት አፕ በዛው ቀን ከዝርዝሬ ወጣ፣ ሌላ መስፈርት አላየሁም። የልጅ ሙሉ ስምና ፎቶ የሚጠይቅም እንደዛው። ሰዓት የሚቆጥርባቸውን ግን በደፈናው አልጠላም፣ የደብተር ጀርባ ላይ ያለችውን የማባዛት ሰንጠረዥ በቃሉ ለያዘ ልጅ መሯሯጥ ደስ ይላል፣ መበደር ትላንት ለጀመረ ልጅ ግን ሰዓት መልቀቅ ማለት "ዝም ብለህ ገምት" ማለት ነው።

ወረቀት ላይ ያሉትም ከዚህ ሚዛን አያመልጡም። በቴሌግራም ቻናል የሚዞረው ወርክሺት ብዛቱ ለጉድ ነው፣ እኔም እወስዳለሁ፣ አላፍርም። ግን 20 የመቀነስ ጥያቄ ያለበትን አንዱን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፣ መበደር የሚፈልገው 3 ብቻ ነው። 58 ሲቀነስ 27፣ 96 ሲቀነስ 41፣ እንደዛ እንደዛ። ምንም መበደር የማያውቅ ልጅ 17 ከ20 አግኝቶ ወደ ቤቱ በደስታ ይሄዳል። ሌላ ደሞ ሙሉ ገጹ መቀነስ ብቻ ስለሆነ ልጁ ጥያቄውን ሳያነብ ይቀንሳል፣ መደመርና መቀነስ ቀላቅላችሁ ስትሰጡት ነው ምልክቱን እንኳን እንደማያይ የሚታወቀው። አሁን አሁን ቻትጂፒቲን "ወርክሺት ስራልኝ" የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፣ ይሰራል፣ መልሱ ግን ይፈተሽ፣ አማርኛውም ይነበብ። እኔ የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነው፣ "ከትልቁ ትንሹን የሚቀንስ ልጅ እና ያበደረውን መቀነስ የሚረሳ ልጅ የተለያየ መልስ የሚሰጡባቸውን 8 ጥያቄ ስጠኝ" ስለው ይሞክራል፣ ያመጣውን እኔ በእጄ እየሰራሁ እጥላለሁ እመርጣለሁ።

እንግዲህ መሳሪያው ራሱ አያስተምርም ማለቴ አይደለም፣ እዛ ክርክር ውስጥ አልገባም። ግን ልምዱ አለን። እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት ፕላዝማ በገባ ሰሞን ነው፣ እ.ኤ.አ 2004 በኛ 1997 መሰለኝ ብዬ ሳይሆን በደንብ አስታውሰዋለሁ፣ ከደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቅና ሰዓት ይሰጠናል፣ እኛ ጥያቄውን ሳንገለብጥ "ቬሪ ጉድ" ብሎ ይቀጥላል። ማን ነው ቬሪ ጉድ ያለው? ስርጭቱ በሳተላይት ስለሆነ መምህራችን ማቆምም መመለስም አይችልም። እኛን የማይሰማ ነገር ነበር፣ ችግሩ ያ ነው። እ.ኤ.አ በ2012 ደሞ ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የሚባል ድርጅት ወንጪ እና ወለንጪቲ አካባቢ መምህር ለሌላቸው ልጆች ታብሌት በካርቶን አስቀመጠ፣ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ የተዘጋውን ሴቲንግ ሰብረው ከፈቱት ተብሎ ዓለም ጉድ አለ፣ የልጆቹ ጉብዝና እውነት ነው፣ ግን ሴቲንግ መክፈት ሌላ መበደር ሌላ። የዚሁ ድርጅት ላፕቶፖች በብዛት የታደሉባት ፔሩ ላይ በዛው ዓመት የወጣ ጥናት በሒሳብም በቋንቋም ለውጥ አላገኘም።

የሰራው የቱ ነው ካላችሁ ዴልሂ ውስጥ ማይንድስፓርክ የሚባለው ሶፍትዌር ነው፣ እ.ኤ.አ በ2019 የታተመው ጥናቱ ላይ ከትምህርት በኋላ ለ4 ወር ተኩል የተከታተሉ ልጆች በሒሳብ በግልጽ በልጠው ወጡ። ሶፍትዌሩ ልጁ ያለበትን ደረጃ ያገኛል እንጂ 6ኛ ክፍል ነህና የ6ኛን ስራ አይልም፣ ስህተቱን አይቶ ነው ቀጣዩን የሚሰጠው፣ እና ጊዜው ግማሹ በኮምፒውተር ግማሹ ከረዳት አስተማሪ ጋር በትንሽ ቡድን ነው። ሁለተኛው ጭራሽ አፕም አይደለም። ቦትስዋና ውስጥ በኮቪድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለወላጆች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በቴክስት ላኩ፣ ለተወሰኑት ደሞ ከቴክስቱ በተጨማሪ አንድ አስጠኚ እየደወለ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያነጋግራቸው ነበር። ቴክስቱ ብቻውን ብዙም አላመጣም፣ የተደወለላቸው ግን ተሻሻሉ። ተራ ቁልፍ ስልክ ነው እኮ። ልዩነቱ ልጁ መልሱን ሲናገር የሚሰማ ሰው መኖሩ ነው፣ ለዛም ነው "የትኛውን አፕ ልጫን?" ያለኝን ወላጅ አሁን አሁን "የቱንም ጫን፣ ግን አንድ ጥያቄ ላይ ሲሳሳት 'እንዴት አገኘኸው?' በለውና የሚልህን በቮይስ ላክልኝ" የምለው። ብዙዎቹ አይልኩም። የሚልኩት ግን፣ የልጁን ድምጽ ስሰማው፣ ከአፑ ሪፖርት አስር እጥፍ ይነግረኛል።

ወደ ሁለቱ ወጣቶች ልመልሳችሁ። ትምህርት ቤቱ አልገዛም፣ በዋጋ ነው እንጂ በኔ ምክንያት አይደለም። ግን ያ የሳቀው ልጅ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ "ቲቸር፣ ቆይ 35 ከየት መጣ?" አለኝ። ብሮሹሩ ጀርባ ላይ ሁለቱን መንገድ ጻፍኩለት፣ 7ቱን በ8 ስቀይረው የሚሆነውንም። ዝም ብሎ አየውና ሌላ እንደዚ አይነት ስህተት ካለኝ እንድልክለት ጠየቀኝ፣ ፕሮግራም ለሚሰራው ጓደኛው ሊሰጠው።

ማታ የ3ኛ ክፍል ደብተሮች ከቦርሳዬ አውጥቼ የልጆቹን ስም በእጄ እየሸፈንኩ ጥቂት ገጽ ፎቶ አነሳሁለት። ሁለተኛው ደብተር ላይ እኔው ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት የቤት ስራ አለ፣ ተራ ቁጥር 4 ላይ 52 ሲቀነስ 27። ልጅቷ 35 ብላለች። ከጎኑ ቀይ ኤክስ አለ፣ በኔ እስክሪብቶ፣ ከኤክሱ በቀር ምንም የተጻፈ ነገር የለም። እሱንም ላኩለት።